የአየር ንብረት ገንዘብ ሲቆጠር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደርና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች የአየር ንብረት ፋይናንስ፣ ማለትም የአየር ንብረት ለውጥን ለመቀነስና ለመቋቋም የሚሰጥ ገንዘብ፣ የሚታየው በእርከን፣ በክትር፣ በችግኝ ጣቢያ፣ በሴፍቲኔት ሥራና በውኃ ጉድጓድ መልክ ነው። ገንዘቡ ግን የሚነሳው ከሩቅ ነው። ከአንድ አገር ግምጃ ቤት ይወጣል፣ በፈንድ ወይም በልማት ባንክ በኩል ያልፋል፣ አዲስ አበባና ባሕር ዳር ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ወረዳ ይደርሳል። በሚያልፍበት ሁሉ አንድ ሰው መዝገብ ላይ ያሰፍረዋል። የዞን ገንዘብ መምሪያ ባለሙያ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የድርጅት ሪፖርት አቅራቢ ወይም ጋዜጠኛ «የበለጸጉት አገሮች መንግሥታት ስንት ሰጡ?» ብሎ ሲጠይቅ እያንዳንዱ መዝገብ የየራሱን ቁጥር ያቀርብለታል። ቁጥሮቹ ሁሉ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ስህተቱ የሚፈጠረው የተለያየ ነገር የለኩትን አንድ ላይ ስንደምራቸው ነው። አንድ አኃዝ ማን እንደ ቆጠረው፣ ገንዘቡ በየትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ፣ የየትኛው ዘመን እንደሆነና ከጠቅላላው ምን ያህሉ እንደ ተወሰደ ካልተጻፈበት ከሌላ አኃዝ ጋር አይደመርም።

1. ቃል የተገባውን እንደ ተከፈለ መቁጠር

ገንዘቡ አራት ደረጃዎች አሉት፤ ቃል የተገባ፣ ውል የተፈረመበት፣ የተከፈለና ሥራ ላይ የዋለ። ዜና የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 ለአረንጓዴ የአየር ንብረት ፈንድ 3 ቢሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል ገብታ ነበር፤ እስከ 2017 መጀመሪያ የከፈለችው ግን 1 ቢሊዮን ነው። በዚያ ዘመን 3 ቢሊዮኑን እንደ ተከፈለ የጻፈ ሰው ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው ሆኖበታል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ደረጃ ሲደባለቁ ስህተቱ ይበልጥ ይደበቃል። በኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) ምዝገባ ውል የተፈረመበት ገንዘብ ሙሉው በተፈረመበት ዓመት ይሰፍራል። የ5 ዓመት የ50 ሚሊዮን ዶላር ፕሮጀክት በመጀመሪያው ዓመት 50 ሚሊዮን፣ በቀሪዎቹ አራት ዓመታት ዜሮ ሆኖ ይታያል። ይህን ያላወቀ ሰው «ድጋፉ በአንድ ዓመት ጨምሮ በሚቀጥለው ተቋረጠ» ብሎ ይደመድማል፤ በተግባር ግን ገንዘቡ በየዓመቱ እየተከፈለ ነው።

መፍትሔው ለአራቱ ደረጃዎች አራት ዓምድ ከፍቶ እያንዳንዱን በራሱ ማስረጃና ቀን መሙላት ነው። ለቃሉ ይፋ የሆነበት ሰነድ፣ ለውሉ የፋይናንስ ስምምነቱ፣ ለክፍያው የባንክ ማስተላለፊያው፣ ለወጪው የሩብ ዓመት የፋይናንስ ሪፖርቱ ይያያዛል። ማስረጃ የሌለው ዓምድ ባዶ ይቅር፤ ከጎኑ ባለው ዓምድ ቁጥር አይሞላ።

2. የመንግሥትን ገንዘብና የግሉን አንድ ላይ ማንበብ

እ.ኤ.አ. በ2009 ኮፐንሃገን ላይ የበለጸጉት አገሮች እስከ 2020 ድረስ በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ ተስማሙ። በኦኢሲዲ ስሌት በ2020 የተገኘው 83.3 ቢሊዮን፣ በ2021 89.6 ቢሊዮን፣ በ2022 115.9 ቢሊዮን ነው። ብዙ ጽሑፎች ይህን የመጨረሻውን «መንግሥታት የሰጡት» ይሉታል። አይደለም። ከ115.9 ቢሊዮኑ 91.6 የመንግሥት ነው፤ እርሱም 41.0 በሁለትዮሽ (ከአገር ወደ አገር)፣ 50.6 በባለብዙ ወገን ተቋማት (እንደ ልማት ባንክና ፈንድ ባሉ) በኩል ለበለጸጉት አገሮች የተሰላ ድርሻ ነው። 21.9 ቢሊዮኑ የመንግሥት ገንዘብ ስቦ ያመጣው የግል ኢንቨስትመንት ሲሆን 2.4 ቢሊዮኑ የኤክስፖርት ብድር (የሰጪው አገር ድርጅቶች ወደ ውጭ እንዲሸጡ የሚደገፍ ብድር) ነው። የመንግሥት ገንዘብ አስተዋጽኦን የሚለካ ሰው መነሻው 91.6 መሆን አለበት።

3. በርዕሱ «አየር ንብረት» ስላለ ሙሉውን መውሰድ፣ ስለሌለ ሙሉውን መጣል

ብዙ ገንዘብ በስህተት የሚጨምረውም የሚጎድለውም እዚህ ላይ ነው። የኦኢሲዲ የልማት ዕርዳታ ኮሚቴ ፕሮጀክቶችን «የሪዮ ምልክት» በሚባል ነጥብ ይለያል። የአየር ንብረት ጉዳይ ዋና ዓላማው ለሆነ ፕሮጀክት 2፣ ጉልህ ግን ተጨማሪ ዓላማው ለሆነ 1፣ ላልሆነ 0 ይሰጣል። የልቀት ቅነሳው (የሙቀት አማቂ ጋዞችን የመቀነሱ) ምልክት እ.ኤ.አ. ከ1998፣ የመላመዱ (የአየር ንብረት ለውጥን ጉዳት የመቋቋሙ) ከ2010 ጀምሮ ይሠራበታል። ነጥቡ የሚናገረው ስለ ዓላማ እንጂ ስለ ብር መጠን አይደለም። ነጥብ 1 ካገኘ ፕሮጀክት ምን ያህሉ ይቆጠር የሚለውን አገሮች በየራሳቸው ወስነዋል፤ የአውሮፓ ኮሚሽን 40 በመቶ፣ ጀርመን 50 በመቶ ይወስዳሉ፤ ሙሉውን የሚቆጥሩም አሉ።

በቅርብ እንየው። የጎንደር ከተማ የመጠጥ ውኃ ከሚያገኝባቸው ምንጮች አንዱ የአንገረብ ግድብ ነው፤ ከላይኛው ተዳፋት የሚታጠበው አፈር በደለል እየሞላው የመያዝ አቅሙን ቀንሶታል። በዚያ ተፋሰስ ላይ 8 ሚሊዮን ብር የተያዘለት፣ ነጥብ 1 የተሰጠው ፕሮጀክት አለ እንበል። ለእርከንና ለክትር 3.2 ሚሊዮን፣ ለችግኝ 1.5 ሚሊዮን፣ ለትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት 1.3 ሚሊዮን፣ ለተሽከርካሪ፣ ለቢሮና ለውሎ አበል 2 ሚሊዮን ተመድቧል። በ40 በመቶ ስሌት የአየር ንብረት ገንዘቡ 3.2 ሚሊዮን ነው፤ በ50 በመቶ 4 ሚሊዮን፤ ሙሉውን በሚወስደው 8 ሚሊዮን። በዝርዝር ሥራ ብንሄድ ደግሞ እርከኑ፣ ክትሩና ችግኙ 4.7 ሚሊዮን ይሆናሉ፤ ይህም ከ6 ሚሊዮኑ ቀጥተኛ ወጪ 78.3 በመቶው ነው። የቢሮውን 2 ሚሊዮን በዚሁ መጠን ስናካፍለው 1.57 ሚሊዮን ይጨመራል፤ ድምሩ 6.27 ሚሊዮን ይሆናል። አንድ ፕሮጀክት፣ አንድ በጀት፣ አራት መልስ። በእኛ ግምት ዝርዝር በጀቱ እጅ ላይ እስካለ ድረስ አራተኛው መንገድ የተሻለ ነው፤ ዝርዝሩ ከሌለ ግን የሰጪውን መቶኛ ወስዶ «በ40 በመቶ የተሰላ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ጥፋት የሚሆነው አንዱን ፕሮጀክት በ40፣ ሌላውን በ100 አስልቶ መደመር ነው።

ለመላመድ ሥራ ሌላም ፈተና አለ። የፕሮጀክቱ ሰነድ ሦስት ነገር ሊያሳይ ይገባል፤ አካባቢውን የሚያሰጋው የአየር ንብረት አደጋ ምን እንደሆነ፣ ፕሮጀክቱ ያንን ለመቋቋም ማሰቡን፣ እያንዳንዱ ሥራ ከዚያ አደጋ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ። ሰነዱ «ደለል ግድቡን ሞላው» ብቻ ካለና በአጭር ጊዜ የሚወርደውን ከባድ ዝናብ ወይም የክረምቱን መዛባት ካላነሳ፣ ያው እርከን ያው ክትር በመዝገብ ዜሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሰነዱን ከፍተው ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች ይፈልጉ፤ ካገኟቸው የገጹን ቁጥር ከረድፉ ጎን ይጻፉ።

ይህ ነገር ሴፍቲኔትንም ይመለከታል። ልማታዊ ሴፍቲኔት እ.ኤ.አ. በ2005 ሲጀመር ዓላማው ሥር የሰደደ የምግብ እጥረት ነበር፤ ስሙ ላይ አየር ንብረት የለም። የማኅበረሰብ ሥራው ክፍል ግን በብዙ ወረዳ አፈርና ውኃ ጥበቃ ነው። ሙሉውን መጣልም ሙሉውን መውሰድም ስህተት ነው፤ የማኅበረሰብ ሥራው ዝርዝር ወጥቶ በድርሻው ይቆጠር።

ችግኝን በተመለከተ አንድ ነገር እንጨምር። ዛፍ አፈርም ይይዛል፣ ካርቦንም ያምቃል፤ በመሆኑም ሁለቱም ምልክት ሊሰጠው ይችላል። የመላመዱን ድምርና የልቀት ቅነሳውን ድምር የደመረ ሰው 1.5 ሚሊዮኑን 3 ሚሊዮን አድርጎታል። ለሁለቱም የሚውለው በሦስተኛ ዓምድ አንድ ጊዜ ብቻ ይመዝገብ።

4. ብድርን በፊት ዋጋው ከዕርዳታ ጋር መደመር

ይህ ከሁሉም ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባ ስህተት ነው፤ ምክንያቱም ብድሩን የሚከፍለው ተቀባዩ አገር ነው። በ2022 ከተመዘገበው የመንግሥት ገንዘብ 69 በመቶው ብድር ሲሆን ዕርዳታው 28 በመቶ ነበር። አብዛኛው ሪፖርት ግን ሁለቱንም በፊት ዋጋቸው፣ ማለትም ውሉ ላይ በተጻፈው ሙሉ መጠን ነው የሚደምረው። ኦክስፋም የተባለው ዓለም አቀፍ የረድኤት ድርጅት ብድሩን ወደ ዕርዳታ አቻ ዋጋ (በብድሩ ውስጥ ያለውን የዕርዳታ መጠን) መልሶ፣ የተጋነነ የአየር ንብረት ድርሻንም ቀንሶ ሲያሰላ የዚያ ዓመት እውነተኛ ዋጋ ከ28 እስከ 35 ቢሊዮን ዶላር ብቻ ሆኗል።

የዕርዳታ አቻ ዋጋ እንዴት ይወጣል? ወደፊት የሚመለሰውን ክፍያ ሁሉ በቅናሽ ምጣኔ (ወደፊት የሚከፈል ገንዘብ ዋጋ በየዓመቱ በሚቀነስበት መቶኛ) ወደ ዛሬ ዋጋ አምጥቶ ከተበደሩት መቀነስ ነው። 10 ሚሊዮን ዶላር ብድር፣ ወለዱ 1 በመቶ፣ የመመለሻ ጊዜው 30 ዓመት፣ ከዚህ ውስጥ 10 ዓመቱ ወለድ ብቻ የሚከፈልበት የእፎይታ ጊዜ ነው እንበል። የልማት ዕርዳታ ኮሚቴው እንደ ኢትዮጵያ ላሉ በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ላሉ አገሮች በሚጠቀምበት የ9 በመቶ ምጣኔ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ክፍያ ብናሰላው የሚመለሰው ዛሬ 2.8 ሚሊዮን ያወጣል፤ የዕርዳታ አቻው 7.2 ሚሊዮን ነው። ምጣኔውን 5 በመቶ ስናደርገው ያው ብድር 4.9 ሚሊዮን ይሆናል። ወለዱ ራሱ 5 በመቶ ቢሆን ደግሞ በ5 በመቶ ምጣኔ ዕርዳታነቱ ዜሮ ነው፤ በፊት ዋጋ መዝገብ ግን አሁንም 10 ሚሊዮን ተብሎ ይጻፋል።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ብድር ጎን አራት ነገር ይመዝግቡ፤ ወለዱን፣ የእፎይታ ጊዜውን፣ ጠቅላላ የመመለሻ ጊዜውንና የተጠቀሙበትን ምጣኔ። የተመን ሉህ ላይ የ30 ዓመቱን ክፍያ በረድፍ ዘርዝሮ ማስላት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ምጣኔው ያልተጻፈበት የዕርዳታ አቻ ዋጋ ግን ማንም ሊያረጋግጠው አይችልም። በፓሪስ ስምምነት የሪፖርት ሠንጠረዦች የፊት ዋጋው ግዴታ ሲሆን የዕርዳታ አቻው በፈቃደኝነት የሚሞላ ነው፤ ስለዚህ ዓምዱ ባዶ ሆኖ ቢያገኙት ብድሩ ዕርዳታ ነው ማለት አይደለም፤ «የገንዘብ ዓይነት» የሚለውን ዓምድ ይመልከቱ።

5. አንዱን ገንዘብ በተዘዋወረ ቁጥር መቁጠር

ከላይ እንጀምር። አንድ አገር ለልማት ባንክ ወይም ለፈንድ ገንዘብ ያስገባል፤ ተቋሙ ደግሞ ለፕሮጀክት ያወጣል። የሰጪውን አስተዋጽኦ ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ፤ ያስገባውን ወስዶ በተቋሙ የአየር ንብረት ድርሻ ማባዛት፣ ወይም ተቋሙ ያወጣውን ለአባል አገሮቹ በድርሻቸው ማካፈል። ልማት ባንኮች ከካፒታል ገበያም ስለሚበደሩ የወጣው ከገባው ሊበልጥ ይችላል፤ ሁለቱ መንገዶች እኩል አይመጡም። አንዱን ይምረጡ፤ ሁለቱን መደመር ግን ያንኑ ገንዘብ በመግቢያውና በመውጫው መቁጠር ነው።

ወደ ታች ስንወርድ መልኩ ይለወጣል። አንድ ድርጅት ለዞኑ 12 ሚሊዮን ብር አመጣ እንበል። ድርጅቱ 12 ሚሊዮን ብሎ ይጽፋል፣ ዞኑ 12 ሚሊዮን ብሎ ይጽፋል፣ ሦስት ወረዳዎች 4 ሚሊዮን፣ 4 ሚሊዮን እያሉ ይጽፋሉ። ሪፖርቶቹን ሰብስቦ የደመረ ሰው 36 ሚሊዮን ያገኛል። መድኃኒቱ በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ ምንጭ፣ አስተላላፊና ፈጻሚ የሚሉ ሦስት ዓምዶች አድርጎ፣ የመጀመሪያውን የፋይናንስ ስምምነት ቁጥር መለያ አድርጎ መያዝ ነው። ድምር የሚሠራው በዚያ መለያ ብቻ ነው።

የሚጎድለውም እንደሚደገመው ብዙ ነው። የውጭ ገንዘብ ወደ አገራችን በሦስት ቻናል ይገባል። በቻናል አንድ የሚመጣው በገንዘብ ሚኒስቴር፣ በክልል ገንዘብ ቢሮና በወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ያልፋል፤ በቻናል ሁለት የሚመጣው በቀጥታ ለሴክተር መሥሪያ ቤቱ ይደርሳል፤ በቻናል ሦስት የሚመጣውን ሰጪው ራሱ ወይም ድርጅቶች ያንቀሳቅሱታል። ከገንዘብ መምሪያ መዝገብ ብቻ የሚነሳ ጥናት ሦስተኛውን ሙሉ በሙሉ፣ ሁለተኛውን በአብዛኛው ያጣዋል። የግብርና፣ የውኃና የአካባቢ ጥበቃ መምሪያዎችን መዝገብ፣ ከዚያም ድርጅቶቹ የፈረሙትን የፕሮጀክት ስምምነት ለየብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል። እንደ ዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. የ2019 የ500 ሚሊዮን ዶላር የመሬት ገጽታ አያያዝ ፕሮግራም ያለው፣ ውጤት ሲረጋገጥ የሚለቀቅ ገንዘብ ደግሞ ከመንግሥት በጀት ጋር ስለሚቀላቀል ወረዳ ላይ በሰጪው ስም ተለይቶ አይታይም። እርሱን ከወረዳ ወደ ላይ ሳይሆን ከፌዴራል ወደ ታች ይከታተሉት።

የአገር ውስጥ ድርሻንም ይቀንሱ። አረንጓዴ የአየር ንብረት ፈንድ እ.ኤ.አ. በ2017 ለኢትዮጵያ ያጸደቀው የድርቅ መቋቋሚያ ፕሮጀክት 50 ሚሊዮን ዶላር ይባላል፤ ከፈንዱ የመጣው 45 ሚሊዮን ሲሆን 5 ሚሊዮኑ የመንግሥታችን ነው።

6. ዘመንና ምንዛሪን ማደባለቅ

የእኛ በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የእንግሊዝና የጃፓን ከሚያዝያ፣ የአሜሪካ ከጥቅምት ይጀምራል፤ ኦኢሲዲ በፈረንጆች ዓመት ይመዘግባል። «የ2016 ገንዘብ» ሲባል የየትኛው 2016 ነው? ሐምሌ 2016 በዘመን አቆጣጠር 2016 ነው፣ በበጀት ግን 2017 ነው፣ በፈረንጆች ደግሞ 2024። መውጫው አንድ ነው፤ ከዓመቱ ይልቅ ክፍያው የተፈጸመበትን ቀን ይመዝግቡ። ቀኑ ካለ በፈለጉት ዘመን መሰብሰብ ይቻላል፤ ዓመቱ ብቻ ካለ ግን መልሶ መበተን አይቻልም።

የምንዛሪው ስህተት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በጣም ውድ ሆኗል። ከዚያ ቀን በፊት አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ብር በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በግንቦት 2016 የተላከ 1 ሚሊዮን ዶላር 57 ሚሊዮን ብር ሆኖ ገብቷል። የዓመቱን ሪፖርት የሚያዘጋጀው ሰው ያንን ብር በኋላ፣ ለምሳሌ በ114 ብር ተመን ወደ ዶላር ቢመልሰው 500,000 ዶላር ይሆንበታል፤ ግማሹ ገንዘብ በወረቀት ላይ ጠፋ ማለት ነው። ዶላሩን በዶላር፣ ብሩን በብር፣ የዕለቱን ተመን በሦስተኛ ዓምድ ይያዙ።

7. የ100 ቢሊዮኑን ግብና የ300 ቢሊዮኑን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ

እ.ኤ.አ. በ2024 ባኩ ላይ የተወሰነው አዲሱ ግብ እስከ 2035 በዓመት 300 ቢሊዮን ዶላር ማድረስ ነው። «በሦስት እጥፍ አደገ» የሚለው አባባል ግን አያስኬድም። በ100 ቢሊዮኑ ስሌት ከልማት ባንኮች የሚቆጠረው የበለጸጉት አገሮች ድርሻ ብቻ ነበር፤ ባኩ ላይ ግን አገሮች በፈቃዳቸው የባንኮቹን የአየር ንብረት ገንዘብ ሁሉ እንዲቆጥሩ መንገድ ተከፍቷል። በዚያ ላይ ሁለቱም የዘመናቸው ዶላር ናቸው፤ የዋጋ ንረት አልተቀነሰላቸውም።

«አዲስና ተጨማሪ» የሚለውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቃሉ እ.ኤ.አ. በ1992ቱ የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ የማዕቀፍ ስምምነት አንቀጽ 4 ውስጥ ቢኖርም መለኪያው ላይ ስምምነት የለም። የትኛውን መነሻ ዓመት እንደ ወሰዱ ሳይጽፉ «ተጨማሪ ነው» ወይም «አይደለም» አይበሉ።

8. የገበሬውን ጉልበት በውጭ አስተዋጽኦ ውስጥ መክተት

በየዓመቱ በበጋ የተፋሰስ ዘመቻ ገበሬው ያለ ክፍያ የሚሠራው እርከን በወረዳና በዞን ሪፖርት ወደ ብር ተተርጉሞ ይቀርባል። መተርጎሙ ተገቢ ነው። ችግሩ ይህ ቁጥር ከፕሮጀክቱ ገንዘብ ጋር በአንድ ረድፍ ሲገባና ድምሩ በሰጪው ስም ሲጠራ ነው። በአካፋና በዶማ የፈሰሰ ላብ በሌላ አገር መንግሥት አስተዋጽኦ ስር መጻፍ የለበትም።

ወደ አንገረቡ ምሳሌ እንመለስ። 2,000 ሰው 30 ቀን ቢሠራና የቀኑ ዋጋ 100 ብር ቢታሰብ 6 ሚሊዮን ብር ነው። ይህ በራሱ ረድፍ፣ በሰው ብዛት፣ በቀን ብዛትና በቀን ዋጋ ተዘርዝሮ «የአገር ውስጥ፣ የሕዝብ ጉልበት» ተብሎ ይጻፍ። ከውጭ የመጣው የአየር ንብረት ገንዘብ ያው 6.27 ሚሊዮን ነው። ለተፋሰሱ የዋለው በጠቅላላ 12.27 ሚሊዮን ይሆናል፤ ግማሽ ያህሉን የሰጠውም ከተዳፋቱ ላይ የሚያርሰው ገበሬ ነው።